ቄሳችን ቼክ ላይ አልፈርምም ያሉ ጊዜ

አዲስ የተመረጡ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ ከሁለት ጥያቄ አንዱን ያነሱብኛል። አንዳንዶቹ፣ «ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ኦዲት እያልን መንፈሳዊነቱን አናጣውም ወይ?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «የእኛን ቄስ የመሰለ ትሑት ሰው የለም፤ ግን ሥራው አልሄድ አለ» ይሉኛል። እኛ ድሬዳዋ ላይ ሁለቱንም አይተናል። ያለፍንበትን ብጽፈው ለሌላው ይጠቅማል ብዬ ነው ዛሬ የተነሳሁት።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ አባል ነኝ፤ ሉተራውያን ነን። እንጀራዬ የሂሳብ ሥራ ነው። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ላሉ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። በማኅበረ ምዕመናናችን የሽማግሌዎች ጉባዔ ውስጥ መጀመሪያ በገንዘብ ያዥነት፣ ኋላ በጸሐፊነት አገለገልኩ። ስለዚህ የምጽፈው ከመድረኩ ሳይሆን ከመዝገቡ በኩል ያየሁትን ነው።

ድሬን ለማያውቃት ትንሽ ልበል። ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ሰው በሥራ ይመጣል፣ በሥራ ይሄዳል። ድሮ ምድር ባቡሩ፣ ጨርቃ ጨርቁና ሲሚንቶው ነበር ሰው የሚያመጣው። አሁን ዩኒቨርሲቲውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተጨምረዋል። ዘንድሮ አጠገባችሁ ቆማ የምትዘምር ልጅ ለከርሞ ሐዋሳ ወይ ጅቡቲ ናት። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር የሚኖረውና ገንደ ቆሬ ሰፈር የሚኖረው እኛ ዘንድ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ገሚሱ በኦሮምኛ ይጸልያል፣ ገሚሱ በአማርኛ። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። ተጣልቶ አይደለም። ሥራ ቀየረ፣ ታመመ፣ የቤት ኪራይ ከበደውና ሰፈር ለቀቀ፤ በቃ። እረኝነት እዚህ ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የዚያን ጊዜው ቄሳችን ተመድበው ሲመጡ ወሬው ሁሉ ስለ «ባለራእይ መሪ» ነበር። ትንሽ ቀደም ብሎ የአመራር ሥልጠና ወስደን ነበር። አሠልጣኙ ጎበዝ ነው። ስለ ግብ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ስብሰባ አመራር የነገረን ብዙ ጠቅሞናል። ነገር ግን ሥልጠናው የተቀዳው ከንግድ ድርጅት ነው። መሪ ማለት ከፊት የሚታይ፣ ስሙ የሚጠራ፣ በቀጠሮ ብቻ የሚገኝ ሰው ተደርጎ ተሳለ። ከሥልጠናው በኋላ አንዳንድ ወንድሞች መድረኩ ላይ ለመሪዎች ትልልቅ ወንበር ይገዛ አሉ። ለቄሱ ጸሐፊ ይቀጠር፣ ቢሮው በር ላይ ተጠባባቂ ይቀመጥ የሚልም ሐሳብ መጣ። ክፋት የለበትም። ቄሳቸውን ማክበራቸው ነው። በየከተማው የሚያዩትም እሱን ነው።

ቄሳችን በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ሦስት ነገር ለመኑን። ወንበሩ ይቅር። ከሰዓት በኋላቸው በቢሮ ሳይሆን በየሰፈሩ ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ፣ «ቼክ ላይ የእኔ ፊርማ አይኑር» አሉ።

ቤቱ ዝም አለ። አንድ አንጋፋ አባታችን ቅር አላቸው። «ቄስ፣ እርስዎን ያላመንን ማንን ልናምን ነው? ይኼ እኮ ስድብ ነው» አሉ።

ቄሳችን ፈገግ አሉ። «አባቴ፣ የማያምነኝ ሰው ሳልነግረውም ይቆጥራል። የሚያምነኝ ግን አይቆጥርም። እኔ የምፈልገው የሚያምነኝም እንዲቆጥርልኝ ነው» አሉ። ከዚያ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ እንዳልሄደ አስታወሱን። በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል። በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ምክንያቱን ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ሐዋርያ ሆኖ ምስክር የፈለገ ሰው ነው።

ያን ዕለት የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ትሕትና ጠባይ ብቻ ከሆነ ሰውየው ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። አሠራር ውስጥ ከገባ ግን ሰውየው ቢሄድም ይቆያል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት ያለበት አገር ውስጥ ነን። ወንጌል ስለሰማን ብቻ ያ አስተሳሰብ ከውስጣችን ተነቅሎ አይወጣም። የሚይዘው ሥርዓት ይፈልጋል።

የገንዘቡን አሠራር በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ቦታ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነውና። መባ የሚቆጥሩት ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በየሳምንቱ ይቀያየራሉ። ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት፣ ሳንቲም ስንት ብለው ቅጽ ላይ ይሞሉና ሁለቱም ይፈርማሉ። ሰኞ ባንክ ይገባል። የባንኩ ደረሰኝ ከቅጹ ጋር ይያያዛል። ቁጥሩ ካልገጠመ ያኑ ቀን ይጠየቃል፤ ለወር መጨረሻ አይቆይም። ቼክ ላይ ሦስት ፈራሚዎች አሉ፤ የሁለቱ ፊርማ ግድ ነው። ኦዲተሮቹን የሚመርጠው ጠቅላላው ምዕመን እንጂ እኛ ሽማግሌዎቹ አይደለንም። የሚመረመረው ሰው መርማሪውን መምረጥ የለበትም። የወሩ ገቢና ወጪ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ በር ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ላይ ማንም አያነበውም ብለን ነበር። ከአምልኮ በኋላ ቆመው ጣታቸውን እያስኬዱ የሚያነቡት እናቶች ናቸው።

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ፈተና አለ። ስጦታ በመሪው የግል ስልክ ቁጥር ይገባል። በአንድ የማውቀው ማኅበረ ምዕመናን ነገሩ እንዲሁ በየዋህነት ተጀመረ። ለጊዜው ነው ተባለ። ኋላ የትኛው ብር የማን እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ሰዎቹ የተለያዩት ስለ ገንዘቡ ብዛት አልነበረም። መተማመኑ ነው የተሰበረው። የስጦታ መቀበያችሁ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ያልተከፈተ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ጋ አቁሙና መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ይህ ሁሉ ከሉተራዊ ትምህርታችን ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በጣም ይገናኛል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 የተጠመቀ ሁሉ ካህን ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ቄስን ከምዕመን የሚለየው የደረጃ ብልጫ ሳይሆን የተሰጠው ሥራ ነው ማለቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም ይህንኑ መንገድ ይዟል። ማንም በሥርዓት ሳይጠራ በቤተ ክርስቲያን በአደባባይ እንዳያስተምር ይላል። ስለዚህ ጥሪው በአንድ ሰው ስሜት ብቻ አይቆምም፤ ቤተ ክርስቲያን ትጠራለች። የጳጳሳት ሥልጣን ደግሞ ወንጌልን መስበክ፣ ኃጢአትን ይቅር ማለት፣ ምስጢራትን ማደል ነው ይላል፤ ይህም የሚፈጸመው በጉልበት ሳይሆን በቃሉ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ለሽማግሌዎች የጻፈው ያንኑ ነው፦ «ማኅበሮቻችሁንም በኃይል አትግዙ ነገር ግን ለመንጋው ምሳሌ ሁኑ»። ታዲያ ቄስ በቃሉ እንጂ በጉልበት ካልመራ፣ ካዝናውንና ቅጥሩን በእጁ ማድረግ ምን ያደርግለታል?

የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ታሪክም ይህንን ያሳያል። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት ትንሽ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1985 ፕሬዚዳንቷ የነበሩት አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም። ምዕመን ነበሩ፤ በንጉሡ ዘመን ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ዋና ጸሐፊ የሆኑት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ ቄስ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ምዕመን፣ ጸሐፊው ቄስ! ይህንን ለወጣቶቻችን ስነግራቸው ይገርማቸዋል።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በሰማዕትነታቸው ነው። እኔ ግን በአስተዳዳሪነታቸውም እንድናውቃቸው እፈልጋለሁ። ወንጌልን መስበክና ሰውን ማልማት መነጣጠል የለባቸውም ብላ ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ አጋሮቿ በጽሑፍ ስታቀርብ ዋና ጸሐፊው እሳቸው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በራሷ አቅም እንድትቆም ብዙ ደክመዋል። ደብዳቤ፣ ዕቅድ፣ በጀት ሥራቸው ነበር። ደርግ ሲያሳድዳቸው ከአገር የመውጣት ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር። መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል። እንግዲህ በጀት የሚሠራው እጅና መንጋውን የማይጥለው እጅ የአንድ ሰው እጅ ነበር። ዘመናዊ አመራርና ትሕትና አይገጥሙም ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኼ ነው።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ቄሳችን ጉብኝት የሚወጡት ፀሐይዋ ረገብ ስትል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ ወይም ዲያቆን ያስከትላሉ። አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነና ገንደ ቆሬ አንዲት እናት ቤት ሄድን። በሽተኛ ናቸው፤ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ተኝተዋል። ጆሯቸውም ይደክማል። ቤት ውስጥ ያለችው ወንበር አንድ ናት። ልጃቸው በነጠላዋ ጠራርጋ ለቄሱ አቀረበችላቸው። ቄሳችን ወንበሯን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እሳቸው ፍራሹ ጠርዝ ሥር ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ።

እማማ ደነገጡ። «ኧረ አባቴ ነውር ነው! መሬት ላይ?»

«እማማ፣ እዚያ ላይ ሆኜ ብናገር አይሰሙኝም። እዚህ ይሻለኛል» አሏቸው፤ ጆሯቸው ሥር ሆነው።

ቄሱ ለምን ቤተ ክርስቲያን ቀሩ ብለው አልጠየቁም። መጀመሪያ የጠየቁት ውሃ ማን እንደሚቀዳላቸው ነው። ልጅቷ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው። የማታ ፈረቃ ሲደርሳት ቤቱ ውስጥ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። መድኃኒታቸው የሚያልቅበትን ቀንም ጠየቁ። ከዚያ መዝሙር አነበቡላቸው፣ ቅዱስ ቁርባን ሰጧቸው። እማማ የጌታን ጸሎት ከእሳቸው እኩል በቃላቸው ደገሙት፤ አንድ ቃል አልሳቱም።

ስንወጣ ቄሳችን በር ላይ ቆመው ከኪሳቸው ደብተር አወጡ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ሽፋኑ በላብ የረጠበ። በእስክሪብቶ ተሰምሯል። ስም፣ ሰፈር፣ የተጎበኙበት ቀን፣ የሚያስፈልገው፣ ማን ያዘው፣ ተፈጸመ ወይ። «ውሃ፤ በማታ ፈረቃ ሳምንት። መድኃኒት፤ ማክሰኞ» ብለው ጻፉ። «ማን ያዘው» የሚለውን ባዶ ተውት። ሐሙስ ስብሰባ ላይ ያችን ባዶ ቦታ አሳዩን። ከወጣቶች አንዱ ጀሪካኑን እኔ ብሎ ስሙን አስጻፈ። በሚቀጥለው ሐሙስ የመጀመሪያው አጀንዳ «ተፈጸመ ወይ» ነበር።

እኔ በሂሳብ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ከዚያ ደብተር የተሻለ የአስተዳደር መሣሪያ አላየሁም። መሬት ላይ መቀመጡ ብቻ ቢሆን እማማ ተባርከው ውሃ ሳይጠጡ ባደሩ። ደብተሩ ብቻ ቢሆን ደግሞ ውሃ እንደጎደላቸው ማንም አይነግረንም ነበር። ሰው ችግሩን የሚናገረው አጠገቡ ለተቀመጠ ነው።

ኋላ ወጣቶቹ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ገለበጡት። ጥሩ ሆነ፤ ለሁለት ወር ያልተጎበኘው ሰው ስም ቀይ ሆኖ ይወጣል። አንድ ነገር ግን አከራከረን። ወጣቶቹ ዝርዝሩ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቅ፣ ሁሉም አይቶ ይርዳ አሉ። ቄሳችን እንቢ አሉ። የታመመ ሰው ስም፣ የትዳር ችግር፣ ዕዳ በግሩፕ አይለጠፍም። የንስሐ ነገር ደግሞ ከነአካቴው አይጻፍም፤ በደብተርም በኤክሴልም። ቄስ የሰማውን ኑዛዜ ይዞ መቃብር ይወርዳል። ስለዚህ ዝርዝሩን የሚያዩት ጥቂት ሰዎች ሆኑ፤ በሚስጥር እንደሚይዙትም ፈረሙ። እናንተም ብትጀምሩ ይህን ከመጀመሪያው ወስኑት። ድሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል።

ቁጥርን በተመለከተ ሌላ የተማርኩት አለ። ዓመታዊ ሪፖርት ስንጽፍ ሁልጊዜ የምንቆጥረው የመጣውን ሰው ነበር። ይህን ያህል ሰው ተገኘ፣ ይህን ያህል ተጠመቀ። ቄሳችን ያልመጡትን ቁጠሩልኝ አሉ። ከወንበሩ የጎደለው ማነው? ወዴት ሄደ? ሥራ ቀይሮ ከከተማ የወጣ ከሆነ በሄደበት ላለው ማኅበረ ምዕመናን የዝውውር ደብዳቤ ይጻፍለት። እዚሁ ሆኖ ከቀረ ይጎብኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተመርቆ ሲወጣም እንዲሁ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥራውን ገለበጠው። የመጣውን የሚቆጥር መሪ መድረኩን ያሳምራል። የቀረውን የሚቆጥር ጫማውን አጥልቆ ፍለጋ ይወጣል።

ስለ ስብሰባ ትንሽ። አጀንዳ ከሁለት ቀን በፊት ይደርሰናል። ቃለ ጉባዔው በሁለቱም ቋንቋ ይነበባል። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩት ሽማግሌ ከዚያ በፊት እጃቸውን አውጥተው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ለካ ብዙ የሚሉት ነበራቸው። ቄሳችን ሁልጊዜ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነበር። ቄስ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው «ቄስ እንዳሉት» ብሎ ይቀመጣላ! ሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ2000 የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ ሾማለች። ሆኖም በየማኅበረ ምዕመናኑ ስብሰባ ላይ የሴት ድምፅ ገና የሚሰማው ሲጠየቅ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢያችን በዙር ይጠይቃሉ።

አንድ ጊዜ ወጣቶቹ አዲስ ሳውንድ ሲስተም ይገዛ ብለው መጡ። የድሮው ይጮኻል፣ እውነታቸውን ነው። በዚያው ወር ደግሞ ገጠር ያለው የስብከት ጣቢያችን ወንጌላዊ ደመወዝ ተጓትቶ ነበር። ቄሳችን ወዴት እንደሚያደሉ ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ግን ዝም አሉ። የወሩን ሂሳብ እኔ አነበብኩ። ክርክሩ ሞቀ። በመጨረሻ ከራሳቸው ከወጣቶቹ አንዷ፣ «ወንጌላዊው ሳይበላ እኛ በምን አፋችን እንዘምራለን?» አለች። ተወሰነ። ደመወዙ ተከፈለ፣ ለሳውንዱ የተለየ መዋጮ ተጀመረ። ቄሳችን ቀድመው ይህንኑ ቢሉ ኖሮ ውሳኔው አንድ ይሆን ነበር፤ ወጣቶቹ ግን ተቀይመው ይወጡ ነበር።

ትሕትና ማለት ለሁሉም እሺ ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አንድ አቅም ያላቸው አባል ለቤተ ክርስቲያኑ ጄኔሬተር ሰጡ። በጣም ያስፈልገን ነበር። ከዚያ የዘመዳቸው ልጅ በጥበቃነት ይቀጠርልኝ አሉ። ቄሳችን ቤታቸው ሄዱ። ቡና ጠጡ፣ አመሰገኑ። ቅጥር በማስታወቂያ እንደሚወጣና ልጁም እንደማንኛውም ሰው መወዳደር እንደሚችል ነገሯቸው። ሰውየው ተቆጡ፤ ጄኔሬተሩን እወስዳለሁ እስከማለት ደረሱ። ቄሳችን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ቃላቸውንም አላጠፉም። ልጁ ተወዳደረ፣ አላለፈም። ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ቀሩ። ቄሳችን ግን በዚያው ደብተር ስማቸውን ጽፈው እንደማንኛውም የቀረ ሰው ይጎበኟቸው ነበር። ተመልሰው መጡ። የጽሑፍ ደንብ ባይኖረን ኖሮ ያ «አይሆንም» የቄሱ ጭካኔ ይመስል ነበር። ደንቡ ስላለ ቄሱ ሰውየውን እየወደዱ እንቢ ማለት ቻሉ።

ለሽማግሌዎች ደግሞ አንድ ከባድ ነገር አለኝ። ትሑት ቄስ አይጠይቅም። ደመወዙ ሲዘገይ ዝም ይላል። ልጁ ታሞ ብድር ውስጥ ሲገባ አንሰማም። ከዚያ «ቄሳችን እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው» እያልን እናመሰግነዋለን። ይህ ግፍ ነው። የቄስን ትሕትና የበጀት ማሟያ ማድረግ ኃጢአት ነው ብዬ አምናለሁ። የቄሱ ደመወዝ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ በፊት ይውጣ። የሕክምና መጠባበቂያ ይኑር። በሳምንት አንድ ቀን ስልኩ ይዘጋ፤ ያን ቀን ለቅሶ ቢኖር ሽማግሌ ይሂድ። ቄስ ሁሉን በራሱ የሚሠራ ከሆነ የሁሉም አማኝ ክህነት የሚለው ትምህርታችን ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጎረቤትን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ድሬን አልጻፍኩም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ጎርፉ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አልለየም። ከዚያ በኋላ ያደግነው ሁሉ አብረን ማልቀስን እናውቃለን። ቄሳችን ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት ቀድመው ይደርሱ ነበር። ድንኳን ውስጥ ከሰው መሃል ተቀምጠው ማይክ ሳይዙ፣ ንግግር ሳያደርጉ ያረፍዳሉ። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ነው። የትኛውም ሥልጠና ላይ ይህ «የማኅበረሰብ ግንኙነት ስልት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። እሳቸው ግን ስልት ብለው አልነበረም የሚሄዱት።

ስልታዊ ዕቅድም ነበረን፤ የእሱ ነገር ምን ሆነ ትሉ ይሆናል። ተጻፈ፣ ወፈረ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ኋላ አንድ ገጽ አደረግነው። አሁን ሁሉም ሽማግሌ በእጁ አለው።

ቄሳችን ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ብዙ ሰው ሥራው ይፈርሳል ብሎ ፈራ። ርክክብ አደረግን። የንብረት ዝርዝር፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫ፣ ያልተቋጩ ጉዳዮች፣ የጉብኝቱ ዝርዝር ለአዲሱ ቄስ በፊርማ ተላለፈ። አዲሱ ቄስ ጠባያቸው ሌላ ነው። ፈጣን ናቸው፣ ይናገራሉ፣ ቴክኖሎጂ ይወዳሉ። በመጡበት ሳምንት ግን ዝርዝሩን ይዘው ገንደ ቆሬ ወረዱ። የቼክ ፊርማ ጉዳይ አልተነሳም፤ ደንብ ሆኗልና።

አሁን ያልጨረስነው አንድ ክርክር አለ። ሽማግሌ ከሁለት ዙር በላይ በተከታታይ አይመረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። አንጋፋዎቹ ልምድ ይባክናል ይላሉ፤ ውሸታቸውን አይደለም። እኔ ግን ቄሱ እጃቸውን ከቼኩ ካነሱ እኛም ወንበሩን መልቀቅ መቻል አለብን ባይ ነኝ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። ቢያልፍ መጀመሪያ ከሚወጡት አንዷ እኔ ነኝ። መዝገቡን የምታስቀጥል ልጅ ከወጣቶች መርጠን የወር መዝጊያ ሂሳብ አብራኝ መሥራት ጀምራለች፤ ያለፈውን ወር የባንክ ማስታረቂያ፣ መዝገባችንን ከባንኩ መግለጫ ጋር የምናመሳክርበትን ማለት ነው፣ ብቻዋን ሠርታ አምጥታልኛለች።